የዐፄ ይስሐቅ መልእክተኞች ያዩዋት ከተማ

በነፋስ ስልክ፣ ከጎፋ ገብርኤል ጀምሮ እስከ ለቡና እስከ ጀሞ በተዘረጋው ሰፈር፣ በኅዳር ወር መጨረሻ ገደማ በሚውለው አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ የተመለሰው ሕዝብ ረፋድ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ በየቡና ቤቱ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ፣ የአገሩ ልጆች በባዕድ ከተማ ጎዳና ሲሮጡ ሲመለከት ይታያል። ያቺ ከተማ በእስፓንያ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር አጠገብ የምትገኘው ቫሌንሲያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2022 አማኔ በሪሶ የማራቶኑን ርቀት በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ፈጽማ ያሸነፈችው፣ በ2023ም ሲሳይ ለማ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ቀዳሚ የሆነው በዚያች ከተማ ነው። ከእነርሱም አስቀድማ ለተሰንበት ግደይ በ2020 በዚያው በቱሪያ ስታዲየም 5,000 ሜትሩን በ14 ደቂቃ ከ6.62 ሰከንድ ሮጣ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ለ12 ዓመት ይዛው የኖረችውን የዓለም ክብረ ወሰን ከአገር ልጅ ወደ አገር ልጅ አሻገረችው፤ በዓመቱም ግማሽ ማራቶኑን በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ፈጸመች።

ሯጮቹን ለማየትም ሆነ በዚያ የሚኖር ዘመድ ለመጠየቅ፣ አለዚያም የዓመት ፈቃዱን በጥቂት ቀን ሽርሽር ለማሳለፍ ከቦሌ ተነሥቶ ወደ ማድሪድ የሚበር፣ ከማድሪድም በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ ቫሌንሲያ የሚገባ የከተማችን ሰው ዛሬ ብርቅ አይደለም። እንዲህ ያለው መንገደኛ በእጁ የሚይዛት የጉብኝት መጽሐፍ የት እንደሚበላ፣ የትኛውን ግንብ እንደሚወጣ፣ በየትኛው ሰዓት ሱቅ እንደሚዘጋ በደንብ ታስረዳዋለች። ነገር ግን ኢትዮጵያውያን ወደዚያች ከተማ ሲገቡ እርሱ የመጀመሪያው አለመሆኑን፣ ከ600 ዓመት ገደማ በፊት የንጉሠ ነገሥቱን የዐፄ ይስሐቅን ቃል የያዙ ሰዎች በዚያው አደባባይ ላይ መቆማቸውን አትነግረውም። እኔም የሚበላውና የሚታየው ነገር ከዚህ ታሪክ ጋር ተያይዞ ቢቀርብ ለመንገደኛው የበለጠ ጣዕም ይኖረዋል ብዬ ስለማምን፣ ከተማይቱን በእነዚያ መልእክተኞች በኩል ለማሳየት እሞክራለሁ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የኢትዮጵያ ነገሥታት ወደ አውሮፓ መልእክተኛ መላክ የጀመሩት በይስሐቅ ዘመን አይደለም። በ14ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ 30 ኢትዮጵያውያን ልዑካን ወደ እስፓንያ ንጉሥ ተልከው በጄኖቫ በኩል እንዳለፉ፣ ጆቫኒ ዳ ካሪኛኖ የተባለ የዚያች ከተማ ካህን ነገሩን ከእነርሱ ከራሳቸው ጠይቆ እንደ ጻፈ ይነገራል፤ በጉዳዩ ላይ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የይስሐቅ አባት ዐፄ ዳዊት ግን በ1402 መልእክተኞቻቸውን ከነብር ጋር ወደ ቬኒስ መላካቸው በቬኒስ መዛግብት የተረጋገጠ ነው። እንግዲህ ዐፄ ይስሐቅ በ1414 አካባቢ ዙፋን ላይ ሲወጡ፣ ከባሕር ማዶ ካሉት ክርስቲያን ነገሥታት ጋር የመላላክን ልማድ ከአባታቸው ወርሰዋል ማለት ይቻላል።

በ1427 የእኒህ ንጉሠ ነገሥት መልእክተኞች ቫሌንሲያ ደረሱ። በዚያን ጊዜ እስፓንያ ገና አንድ መንግሥት አልሆነችም፤ ቫሌንሲያም ከአራጎን፣ ከካታሎንያ፣ ከሲሲሊና ከሰርዴንያ ጋር በአንድ ዘውድ ሥር ነበረች። የዘውዱም ባለቤት አምስተኛው አልፎንሶ ነበር፤ ይህም ንጉሥ መጻሕፍትን የሚወድ፣ ዐይኑን ከአገሩ ይልቅ በባሕሩ ማዶ ላይ የተከለ፣ በኋላም ኔፕልስን በጦር ይዞ በዚያው የኖረና በዚያው በ1458 የሞተ ነው። መልእክተኞቹ ለአልፎንሶ ያቀረቡት ቃል ሁለት ነገር የያዘ ነበር። አንደኛው በጋብቻ የሚጸና ወዳጅነት ነው፤ የአልፎንሶ ወንድም ዶን ፔድሮ ከኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ልዕልት እንዲያገባ፣ ዐፄ ይስሐቅም ከአራጎን ነገሥታት ወገን የሆነች ወይዘሮ እንዲያገቡ ሐሳብ ቀርቦ እንደ ነበር ከንጉሡ ደብዳቤ ይታያል። ሁለተኛው ደግሞ የጥበብ ሰዎች ይላኩልን የሚል ነው።

በዚህ በሁለተኛው ቃል ላይ ጥቂት መዘግየት እፈልጋለሁ። ስለ አገራችን የጥንት ግንኙነት የሚጽፉ ብዙዎች ነገሥታቶቻችን ወደ አውሮፓ የላኩት መሣሪያና ወታደር ፍለጋ ብቻ እንደ ሆነ አድርገው ሲያስቡ ይገኛሉ፤ ይህም ከ16ኛው ምዕተ ዓመት የግራኝ ጦርነት ወዲያ ያለውን ችግር ወደ ኋላ ወስዶ በቀደሙት ነገሥታት ላይ መጫን ነው። ይስሐቅ ግን በግዛታቸው ላይ የጸኑ፣ ጎረቤቶቻቸው የሚፈሩአቸው ንጉሥ ነበሩ። የጥበብ ሰው የሚፈልግ ንጉሥ የሚያንጸው ነገር ያለው ንጉሥ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናትን የሚያስጌጥ፣ ንዋያተ ቅድሳትን የሚያሠራ፣ ስሙም ከዘመኑ አልፎ በድንጋይና በቀለም እንዲኖር የሚሻ ነው። ስለዚህ መልእክተኞቹ ቫሌንሲያ ላይ በቆሙ ጊዜ ልመና እንደ ያዙ ድኾች አድርገን ልንስላቸው አይገባም።

አልፎንሶም የተጠየቀውን ለመፈጸም ሞከረ፤ በ1428 ለዐፄ ይስሐቅ ደብዳቤ ጻፈ፤ 13 የጥበብ ሰዎችም ላከ። እነዚህ 13 ሰዎች ግን ኢትዮጵያን አላዩም። አልፎንሶ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1450፣ ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሲጽፍ፣ ወንድምዎ ጠይቀውኝ የላክኋቸው ባለ ጥበቦች መንገዱ ተዘግቶባቸው ሳይደርሱ ሞቱ የሚል ቃል አስፍሯል። ግብፅን ይገዛ የነበረው የሱልጣን ባርስባይ መንግሥት የሐበሻ ንጉሥና የፍራንክ ንጉሥ በእርሱ ምድር አሻግረው እንዲላላኩ አይወድም ነበርና፣ በይስሐቅ አገልግሎት ወደ አውሮፓ የተመላለሰው አል ተብሪዚ የተባለ የፋርስ ነጋዴ በ1429 ካይሮ ላይ በአደባባይ በሞት ተቀጣ። ይስሐቅም ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። ሙሽራ ይሆናል የተባለው ዶን ፔድሮም በ1438 ኔፕልስ በተከበበች ጊዜ በመድፍ ተመትቶ ሞተ። ይህን ሁሉ የተሸከመ ታሪክ በአማርኛ መጻሕፍታችን ብዙ ጊዜ በሁለት መስመር መታለፉ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ከተማይቱ እንመለስ፤ መንገደኛውም ከጥንቱ የሚጀምር እንደ ሆነ ከሴራኖስ በር ይጀምር። ይህ በር ግራና ቀኝ ሁለት ግዙፍ ግንቦች ያሉት፣ በፔሬ ባላገር ንድፍ ከ1392 እስከ 1398 የታነጸ ነው፤ የይስሐቅ መልእክተኞች በመጡ ጊዜ ከተፈጸመ 30 ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ድንጋዩም ያን ጊዜ ገና ነጭ ሳይሆን አይቀርም። በኋላ ዘመን የመኳንንት ወህኒ ቤት ሆነ፤ በ1930ዎቹ የእስፓንያ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜም በማድሪዱ የፕራዶ ቤተ መዘክር የነበሩት ታላላቅ ሥዕሎች ከቦምብ ሸሽተው በዚሁ ግንብ ውስጥ ተጠለሉ። በከተማው በኩል የሚታየው ጀርባው ግድግዳ የለውም፤ ክፍሎቹ እንደ ሰገነት ተከፍተው ይታያሉ።

ከዚያ ጥቂት እንደ ተራመዱ የካቴድራሉ የደወል ግንብ ሚጌሌቴ ብቅ ይላል። ሥራው በ1381 ተጀምሮ፣ ልዑካኑ በመጡበት ዘመን ወደ ፍጻሜው ቀርቦ ነበር፤ ዛሬ 207 ደረጃ ወጥቶ ጫፉ ላይ የሚቆም ሰው የከተማይቱን ጣራዎችና ማዶውን ባሕር ያያል። በካቴድራሉ ውስጥ ግን ከሁሉ ይልቅ የኢትዮጵያ ክርስቲያን ቀርቦ ሊያየው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጌታ በጸሎተ ኀሙስ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ያነሣው ጽዋ ነው ተብሎ የሚታመነው ቅዱስ ጽዋ ነው። ዋንጫው ከቡናማ ቀይ ዕንቍ ድንጋይ የተፈለፈለ ትንሽ ነገር ነው፤ ጆሮዎቹና በወርቅና በሉል ያጌጠው እግሩ በመካከለኛው ዘመን የተጨመሩ ናቸው። ትውፊቱ ጽዋውን ከቅዱስ ጴጥሮስ ጋር ወደ ሮም፣ ከዚያም በሰማዕቱ ዲያቆን ላውሬንቲዮስ በኩል ወደ እስፓንያ ያወርደዋል፤ መዝገብ ግን በርግጥ የሚያውቀው ከ1399 ጀምሮ ነው። አልፎንሶ ወደ ቫሌንሲያ አምጥቶት፣ በ1437 ለካቴድራሉ በአደራ ሰጥቶታል። ስለዚህ የይስሐቅ መልእክተኞች ከተማይቱ ውስጥ በነበሩበት ወራት ይህ ጽዋ ገና በንጉሡ ግምጃ ቤት ይጠበቅ ነበር። የንጉሡም ቤተ መንግሥት ከቱሪያ ወንዝ ማዶ ነበር፤ በ1810 በናፖሊዮን ጦርነት ጊዜ ስለ ፈረሰ በቦታው ዛሬ የሕዝብ አትክልት ሥፍራ ይገኛል፤ ከጥንቱ መሠረትም ጥቂት ይታያል።

በካቴድራሉ ደጅ፣ የሐዋርያት በር በሚባለው፣ በየሳምንቱ ኀሙስ እኩለ ቀን ሲሆን የሚደረገውን ነገር ሳያይ ማንም እንዳይመለስ አጥብቄ እመክራለሁ። የደወሉ ድምፅ እንደ ተሰማ፣ ጥቁር ቀሚስ የለበሱ ገበሬዎች በክብ በተደረደሩት ወንበሮች ላይ ይቀመጣሉ፤ እነርሱም ከቱሪያ ወንዝ የሚጠለፉትን የመስኖ ቦዮች የሚወክሉ፣ በየቦዩ ተጠቃሚዎች የተመረጡ ዳኞች ናቸው። አንድ አሳላፊ ዘንግ ይዞ የየቦዩን ስም እየጠራ ተከሳሽ እንዳለ ይጠይቃል፤ ከተራው አልፎ ውኃ የወሰደ፣ ቦዩን ያላጠራ፣ የጎረቤቱን ማሳ ያጥለቀለቀ ሰው በቃሉ ይከሰሳል፤ በቃሉ ይመልሳል፤ ፍርዱም በዚያው በቃል ይሰጣል፤ ይግባኝ የለውም። የአሠራሩ መነሻ ዐረቦች አገሩን ይገዙ ከነበሩበት፣ ማለት ከ1238 በፊት ካለው ዘመን እንደ ሆነ ይታመናል፤ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅትም በ2009 በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በዋርካ ሥር የተቀመጠ ዳኛ፣ ነጠላውን አደግድጎ የሚሟገት ባላገር፣ በላ ልበልሃ እየተባለ የሚካሄድ የቃል ሙግት ከአባቶቹ የሰማ ኢትዮጵያዊ በዚያ ደጅ ሲቆም፣ ቋንቋውን ባያውቅ እንኳ ሥርዓቱ ይገባዋል። በእኛ አገር ይህ ጥበብ ከጽሕፈት ፍርድ ቤት ጋር ጎን ለጎን እንዲኖር ሳይደረግ መጥፋቱ፣ በዚያ ግን አንድ ዘመናዊ ከተማ በመካከሉ አክብሮ ማቆየቱ የሚያስቀና ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ምግቡ እንሂድ። ከካቴድራሉ ብዙም ሳይርቅ፣ በ1482 ሥራው የተጀመረውና እንደ ተምር ዛፍ በተጠማዘዙ ዓምዶች ላይ የቆመው የሐር ነጋዴዎች አዳራሽ ፊት ለፊት፣ በ1928 የተከፈተው ማዕከላዊ ገበያ አለ። በገበያውም ውስጥ ብርቱካኑ፣ ለውዙ፣ ወይራው፣ ዓሣው በሥርዓት ተደርድሮ ይታያል። የአገሩ ዋና ምግብ ግን ፓኤያ ነው። ሩዙ የሚመጣው ከከተማይቱ በስተ ደቡብ ካለው አልቡፌራ ከሚባል ሐይቅ ዳር ነው። ሰፊና ጠፍጣፋ፣ ባለ ሁለት ጆሮ መጥበሻ በብርቱካን እንጨት ፍልጥ ላይ ይጣዳል፤ የወይራ ዘይቱ ሲግል የዶሮና የጥንቸል ሥጋ እየተገለባበጠ ይጠበሳል፤ ፎሶሊያና ሰፋ ያለ ነጭ አደንጓሬ ይከተላል፤ የተፈቀፈቀ ቲማቲምና ጥቂት ጣፋጭ የበርበሬ ዱቄት ገብቶ ውኃው ይቸለሳል፤ ዛፍራኑና እኛ የጥብስ ቅጠል የምንለው ቅጠል ከተጨመረ በኋላ ሩዙ ይበተናል። ሩዙ ከገባ ወዲያ ማንኪያ አይነካውም፤ ማማሰል ነውር ነው። ውኃው ሲያልቅ ከመጥበሻው ሥር የሚይዘው ቡናማ ቅርፊት የምግቡ ክብር ነው፤ ስሙም ሶካራት ይባላል፤ ይህ ያልያዘለት ፓኤያ እንደ ተሳካ አይቈጠርም። የድሮው ሥርዓት የተጠበቀበት ቤት ሳህን አይቀርብም፤ ቤተ ሰቡ መጥበሻውን ከብቦ እያንዳንዱ በፊቱ ካለው ጠርዝ ወደ መሐል እየበላ ይሄዳል፤ የሌላውን ድርሻ መሻማት አይፈቀድም። ከአንድ ገበታ የመብላትን ጨዋነት ከእናቱ የተማረ የነፋስ ስልክ ልጅ በዚህ ማዕድ ላይ ማንም ሳያስተምረው መቀመጥ ይችላል።

ይሁን እንጂ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንን የሚጠብቅ መንገደኛ ጠይቆ ይዘዝ። ከጥንቸሉ ሌላ በአንዳንድ ቤት ቀንድ አውጣም ይጨመራል፤ በባሕር ዳር የሚሠራው ዓይነት ደግሞ ሽሪምፕና የመሳሰለውን ይዟል። በጾም ወራት የሚሻለው የአትክልት ፓኤያ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚቀቀልበት ውኃ የሥጋ መረቅ አለመሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል። የይስሐቅ መልእክተኞች በንጉሥ ግብር ላይ በተቀመጡ ጊዜ ከቀረበላቸው ውስጥ የትኛውን አንሥተው የትኛውን እንደ ተዉ ማሰብ ብቻ እንኳ ልብን ይይዛል፤ ያ ዘመን የእኛ መነኮሳትና መሳፍንት ስለ ሰንበትና ስለ ሥርዓት በብርቱ የሚከራከሩበት ዘመን ነበርና።

ለጿሚ ሁሉ የሚስማማ፣ እኔም ከቫሌንሲያ ምግብና መጠጥ ሁሉ ይልቅ የማደንቀው ኦርቻታ የሚባለው መጠጥ ነው። የሚሠራው ቹፋ ከምትባል፣ ከመሬት ሥር ከሚወጣ የሽንብራ መጠን ካላት ሥር ነው፤ ተክሏም እኛ በበዓል ቀን ወለላችን ላይ የምንጎዘጉዘው የቀጠማ ዘመድ ናት፤ በጥንታዊ ግብፅ መቃብሮች ውስጥ ስለ ተገኘች ዐባይ ለሚያጠጣው ምድር እንግዳ አይደለችም። በከተማይቱ ሰሜን አልቦራያ በሚባለው መንደር በብዛት ትመረታለች። ሥሩ ታጥቦ ይዘፈዘፋል፤ ይፈጫል፤ በውኃ ይበጠበጣል፤ በጨርቅ ይጠለላል፤ ስኳር ተጨምሮበት ቀዝቅዞ ይጠጣል። በጾም ወራት ሱፍ ለቅማ፣ ቀቅላና ወቅጣ፣ በውኃ በጥብጣና አጥልላ ፍትፍት የምታቀርብ የቤታችን እመቤት ይህን ሲሠራ ብታይ እጇ ሥራውን ያውቀዋል። ነጭ ሆኖ ወተት ይምሰል እንጂ ወተት የለበትም። ከእርሱ ጋር የሚቀርበው ፋርቶን የተባለ ረዘም ያለ ለስላሳ ዳቦ ግን እንቁላል ስለሚገባበት በጾም ይቆይ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ዛሬ ያለ እርሱ ወጥ የማይሠራው በርበሬ፣ ዛሬ ፓኤያውን የሚያቀላው ቲማቲም፣ ፎሶሊያውና አደንጓሬውም ጭምር፣ በ1427 በቫሌንሲያም በሸዋም አልነበሩም። እነዚህ ሁሉ የአሜሪካ ተክሎች ናቸው፤ ኮሎምቦስ ከመጀመሪያ ጉዞው በ1493 ሲመለስ በርበሬ ወደ እስፓንያ ገባ፤ ከዚያም በንግድ መርከብ ከወደብ ወደ ወደብ እየተሻገረ፣ ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ የሕንድ ውቅያኖስን ዳርቻ ይዞ ወደ እኛ ደረሰ። መልእክተኞቹና አስተናጋጆቻቸው የበሉት ማዕድ በዝንጅብል፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በዛፍራንና በመሳሰለው ቅመም የጣፈጠ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ አገሮች ያንን አንድ ተክል በየመንገዳቸው የራሳቸው አደረጉት፤ በእስፓንያ በላ ቬራ ገበሬዎች ቀዩን በርበሬ በባሉጥ እንጨት ጢስ ለብዙ ቀን አድርቀው ይፈጩታል፤ በነፋስ ስልክ ደግሞ ከመስከረም በኋላ የማረቆና የአላባ ዛላ ተገዝቶ በየግቢው ይቀነጠሳል፤ በፀሐይ ይሰጣል፤ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ይደለዛል፤ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላው ገብቶ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፤ በዚያ ሰሞን በሰፈሩ የሚያልፍ ሁሉ ሳያስነጥስ አያልፍም። ከዚህ በሻንጣው በርበሬ ወደ ቫሌንሲያ የሚወስድ ዘመድ፣ ከዚያም ጢስ የሸተተውን ቀይ ዱቄት በቆርቆሮ ይዞ የሚመለስ፣ ተክሉ የሄደበትን መንገድ በአንድ ሌሊት በረራ ይደግመዋል።

የእስፓንያና የኢትዮጵያ ነገር ሁሉ እንዲህ የጣፈጠ እንዳልነበረ ግን መሸሸግ አይገባም። በ1564 ከማድሪድ በማይርቅ መንደር የተወለደው ፔድሮ ፓኤዝ የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኩሴ ነበር፤ ወደ ኢትዮጵያ ሲጓዝ በ1589 በዐረብ ባሕር ዳርቻ ተማርኮ በየመን ሰባት ዓመት ያህል ታሰረ፤ በዚያም ምርኮ ሳለ ቡና በመጀመሪያ ከቀመሱት አውሮፓውያን አንዱ ሆነ። በ1603 በምጽዋ በኩል አገራችን ገብቶ ቋንቋችንን ተማረ፤ በ1618 የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ፤ ታሪካችንን በሰፊው ጽፎ በ1622 በጎርጎራ ሞተ። የተማረና ትዕግሥተኛ ሰው እንደ ነበር ጠላቶቹም አይክዱም። ነገር ግን በትምህርቱ የተሳቡት ዐፄ ሱስንዮስ ሃይማኖታቸውን ለውጠው ሕዝቡን ለማስለወጥ በተነሡ ጊዜ የፈሰሰው የወንድማማች ደም እስከ 1632 አልቆመም፤ ዐፄ ፋሲልም አባታቸውን ተክተው ሚሲዮናውያኑን እስኪያስወጡ ድረስ ሰላም አልተገኘም። ይስሐቅ የጥበብ ሰው ጠየቁ፤ የመጣው ግን የሃይማኖት ክርክር ሆነ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ ያስቈጨኛል።

ቫሌንሲያ ውስጥ መንገደኛው እግሩን የሚያሳርፍበት ምርጥ ሥፍራ የወንዙ አትክልት ነው። ቱሪያ በጥቅምት 1957 ሞልቶ ከተማይቱን ካጥለቀለቀ በኋላ፣ መንግሥት ወንዙን በደቡብ በኩል አዲስ መሄጃ ቈፍሮ አዞረው፤ የደረቀውን ጥንታዊ መሄጃም ወደ አውራ ጎዳና ለመለወጥ ታስቦ ሳለ ነዋሪዎቹ ተቃውመው ወደ አትክልት ሥፍራ አስለወጡት። ዛሬ የድሮዎቹ የድንጋይ ድልድዮች በሣርና በዛፍ ላይ ተዘርግተው ይታያሉ፤ ወደ ባሕሩ በኩል በዚያው ተወላጅ በሳንቲያጎ ካላትራቫ የተነደፉት የሥነ ጥበብና የሳይንስ ሕንፃዎች ነጭ ሆነው ይቆማሉ፤ የማራቶኑም መጨረሻ በእነርሱ ፊት፣ በውኃ ላይ በተዘረጋ ሰማያዊ መሸጋገሪያ ነው። አማኔና ሲሳይ የገቡት በዚያ ነው። በጥቅምት 2024 በደቡቡ መንደሮች ላይ የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ሲፈጅ፣ አሮጌው ከተማ የዳነው በዚያ በተዞረው ወንዝ ምክንያት ነው፤ ጉዳቱ ግን በአዲሱ መሄጃ ማዶ ባሉት ላይ ከበደ። ትንሹ አቃቂ ወንዝ በየክረምቱ ሲሞላ የምናይ እኛ ይህን ታሪክ በጥሞና ልንሰማው ይገባል።

ቀን የተረፈው መንገደኛ ሦስት ሰዓት ያህል በባቡር ወደ ሰሜን ተጉዞ ባርሴሎና ቢደርስ ሁለት ነገር ያገኛል። አንዱ በሞንትጁይክ ኮረብታ ላይ ያለው የኦሎምፒክ ስታዲየም ነው፤ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓመተ ምሕረት፣ በእነርሱ በ1992፣ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትሩን አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች መካከል በኦሎምፒክ ወርቅ የመጀመሪያዋ የሆነችው፣ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ጋርም እጅ ለእጅ ተያይዛ ሜዳውን የዞረችው በዚያ ነው። ሁለተኛው በ1318 የተመሠረተው የአራጎን ዘውድ መዝገብ ቤት ነው። የአልፎንሶ ጸሐፊዎች የሚወጣውን ደብዳቤ ሁሉ ሳይልኩ በፊት በመዝገብ ይገለብጡት ስለ ነበር፣ ዋናው በመንገድ ቢጠፋም ለዐፄ ይስሐቅ በ1428 የተጻፈው ቃል በዚያ ቀርቷል። ላቲንና ግእዝ የሚያውቁ ወጣቶች በዩኒቨርስቲዎቻችን አሉ፤ የእነዚህ መዛግብት ሙሉ የአማርኛ ትርጉም ከእነርሱ እጅ ቢወጣ፣ የሽርሽር መንገደኛችንም ከጉብኝት መጽሐፉ ጋር ያንን ይዞ ሊሄድ ይችላል።